ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የሕፃናት ነርስ ሕይወት፣ የወሊድ አደጋና የጨቅላ ሕፃናት ጤና

መግቢያ

በከምባታ ዞን በሀደሮና በአካባቢዋ ከሚገኙ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሕክምና የምትሄደው በደረጃ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ጉዳዩ ከከበደም ሆሳዕና ወደሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ትላካለች። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚያልፈው ሰዓት የእናቲቱንም ሆነ የሚወለደውን ሕፃን ዕጣ ይወስናል። ስለ ወሊድ ችግሮችና ስለ ጨቅላ ሕፃናት የበሽታ መከላከያ አመላካቾች የሚደረግ ጥናት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ የጊዜና የርቀት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ ውስጥ ከማናቸውም በላይ ጎልቶ የሚታየው በአንዲት ወጣት ሴት ሕይወት ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በዘመኑ ከነበሩት ስመ ጥር የሕፃናት ሆስፒታሎች በአንዱ ሠልጥነው በነርስነት የተመረቁ፣ ከስደት ሲመለሱም ሙያቸውን ለሀገራቸው ሊያውሉ የተዘጋጁ ነበሩ። ሆኖም በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በነቀምቴ ሕይወታቸው አለፈ። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን ከዘመኑ የሕክምና ዕውቀት ጋር አያይዞ ይመረምራል፤ ከሞታቸው በኋላ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት ጤና ያበረከተውንም ይዳስሳል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው የተጻፉት ዓመታት በኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. ተብለው የተጻፉት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የቤተሰብ ታሪክ

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በወቅቱ የአልጋ ወራሽነትና የእንደራሴነት ሥልጣን የነበራቸው ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰንና ዘነበወርቅ፣ ከእሳቸው በኋላ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ ተወልደዋል።

የተወለዱበት ጊዜ ለሕክምና ታሪክ ተመራማሪ ትርጉም አለው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ በመባል የሚታወቀው የዓለም አቀፍ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መትቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በመዲናዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ከተማዋ ለወረርሽኙ የነበራት አቅም እጅግ ደካማ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልን አሠሩ፤ ይህም ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚባለው ነው።

የወሊድ አደጋም ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ አልነበረም። የልዕልቲቱ አያት ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ተፈሪ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የሞታቸው ምክንያት ወሊድ እንደ ሆነ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ እናታቸውን ሳያውቁ እንዳደጉ ሁሉ፣ ከ48 ዓመት በኋላ ደግሞ ሴት ልጃቸውን በተመሳሳይ አደጋ አጡ። በመካከል ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሀገሪቱ ባቡር፣ ስልክ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አግኝታለች። ይሁን እንጂ ለምጥ የተዘጋጀ አገልግሎት ከጥቂት ቦታዎች አልፎ አልተስፋፋም ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አባታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልት ፀሐይ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። በቤተ መንግሥት አካባቢ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው የውጭ ቋንቋም ለምደው አደጉ። ይህ የቋንቋ ችሎታ ቆይቶ በጦርነቱ ዋዜማ ለሀገራቸው ድምፅ እንዲሆኑ፣ በስደትም በሌላ ሀገር ሆስፒታል ገብተው እንዲሠለጥኑ መንገድ ከፍቶላቸዋል።

ጦርነትና ስደት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ልዕልት ፀሐይ ከጥቂት ቀናት በኋላ 16ኛ ዓመታቸውን የሚይዙ ወጣት ነበሩ። ከእናታቸው ከእቴጌ መነንና ከሌሎች ወይዛዝርት ጋር በመሆን ለዘመቻው የቁስል መጠቅለያና አልባሳት በማዘጋጀቱ ሥራ ተሳተፉ። የጦርነቱ ደመና ባጠላበት በዚያ ወቅት ለዓለም ሴቶች በእንግሊዝኛ ባስተላለፉት የሬዲዮ ጥሪም ኢትዮጵያ እንዳትገፋ ተማጽነዋል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራችው የመጀመሪያዪቱ አውሮፕላን በልዕልቲቱ ስም ፀሐይ ተባለች። አውሮፕላኗ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ መመለሷ ይታወሳል።

ጦርነቱ በሕክምና አገልግሎት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር። የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በሲቪሉ ሕዝብ ላይ ተረጨ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው የሕክምና ጣቢያዎችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ለወጣቷ ልዕልት የነርስነት ሙያ ትርጉም ያገኘው በሰላም ጊዜ በጎ አድራጎት መልክ ሳይሆን በዚህ መከራ ውስጥ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ አቀኑ። ከጅቡቲ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። በስደት የኖሩትም ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ ሐውስ በተሰኘው ቤት ነበር። የስደቱ ዓመታት የገንዘብ ችግርና የብዙ ሐዘን ዓመታት ነበሩ። የልዕልቲቱ ታላቅ እኅት ልዕልት ሮማነወርቅ በኢጣሊያ ግዞት ሳሉ በቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940 ዐርፈዋል።

የሕፃናት ነርስነት

በእንግሊዝ ሳሉ ልዕልት ፀሐይ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የታመሙ ሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሥልጠና ጀመሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ ለሕፃናት ሕክምና ብቻ የቆመ ሆስፒታል ነው። የንጉሥ ልጅ በነርስ ተማሪነት መመዝገባቸው በጊዜው ብዙ ያልተለመደ ነገር ነበር። የነርስ ተማሪ ሥራ አልጋ ማንጠፍን፣ ዕቃ በፈላ ውኃ መቀቀልን፣ የሕፃናትን ሙቀትና ትንፋሽ በየሰዓቱ መመዝገብን፣ በሌሊት ተራ መግባትን ይጠይቃል።

ልዕልቲቱ ሥልጠናቸውን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም አጠቃላይ የነርስነት ሙያ ለመቅሰም በዚያው በለንደን ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንድቶ ነበር።

የተመረቁበት ዘመን ለጨቅላ ሕፃናት ሕክምናና ለበሽታ መከላከያ ሳይንስ የለውጥ ዘመን ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ ገና እ.ኤ.አ. በ1892 እናት ያላት የበሽታ መከላከያ ኃይል ወደ ልጇ እንደሚተላለፍ በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች በተያዙ ሕሙማን ደም ውስጥ ዛሬ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋ የሆነው ፕሮንቶሲል የተባለው የሰልፋ መድኃኒትም በለንደን ኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል በሌናርድ ኮልብሩክ ተሞክሮ በአራስ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶችን ቁጥር በግልጽ ቀነሰ።

ልዕልቲቱ በተመረቁበት በዚያው በ1939 ደግሞ ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ፅንሷ የሞተባትን አንዲት እናት ታሪክ አሳተሙ። የእናቲቱ ሰውነት ከአባት በተወረሰው የፅንሱ ደም ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዳመረተ ገለጹ። በዓመቱ ላንድስታይነርና ዊነር ስለ አር ኤች የደም ዓይነት ያወጡት ግኝት ምስጢሩን ለመፍታት ረዳ። እናትና ፅንስ በበሽታ መከላከያ ሥርዓታቸው የተሳሰሩ መሆናቸው፣ ትስስሩም አንዳንድ ጊዜ ሕፃኑን የሚጠብቅ ሌላ ጊዜ የሚጎዳ መሆኑ በግልጽ መታየት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

መመለስ፣ ጋብቻና ሞት

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልት ፀሐይም በዚያው የነጻነት ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ሀገሪቱ ከአምስት ዓመት ጦርነት የወጣች፣ የተማሩ ልጆቿን በግፍ ያጣች፣ የሕክምና ባለሙያ የጠፋባት ነበረች። በዘመናዊ ተቋም ሠልጥነው በመንግሥት የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን ነርሶች በማይገኙበት በዚያ ጊዜ የልዕልቲቱ መመለስ ከአንድ ሰው መመለስ የበለጠ ተስፋ ነበረው። እሳቸውም በኢትዮጵያ የነርስነት ሙያ ተቋም ኖሮት እንዲስፋፋ ይመኙ ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከልጅ ዐቢይ አበበ ጋር ተጋቡ። ዐቢይ አበበ የጦር መኰንን ሲሆኑ ቆይተው የጦር ሚኒስትር፣ የኤርትራ እንደራሴና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣናትም አንዱ ናቸው። በጋብቻቸው ጊዜ ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ተሹመው ስለነበር ልዕልቲቱ አብረዋቸው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ በነቀምቴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፉ። ከተጋቡ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም፤ ልጅም አልተረፈላቸውም። ወሩ የክረምት ወር ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ዐርፏል።

የወሊድ ጤና ተመራማሪዎች የእናቶችን ሞት ለመተንተን የሚጠቀሙበት የሦስቱ መዘግየቶች ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በታዴየስና በሜን የቀረበ ነው። የመጀመሪያው መዘግየት አደጋውን ዐውቆ ርዳታ ለመፈለግ ለመወሰን የሚወስደው ጊዜ፣ ሁለተኛው ሕክምና ቦታ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ነው። ማዕቀፉ በአብዛኛው የሚሠራበት በድህነትና በትምህርት እጦት በተጎዱ እናቶች ላይ ነው። የልዕልት ፀሐይ ታሪክ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው። እሳቸው የተማሩ ነበሩ፤ የሕመም ምልክትን የመለየት ሙያ ነበራቸው፤ ባለቤታቸው የአውራጃው ገዥ፣ አባታቸው የሀገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በመጀመሪያው መዘግየት ረገድ ከእሳቸው የተሻለ ዕድል የነበራት ኢትዮጵያዊት ማሰብ ያስቸግራል።

እንዲህም ሆኖ ግላዊ ዕውቀትና ማዕረግ የርቀትንና የተቋምን ክፍተት አልሞሉም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚፈጠር ከባድ የደም መፍሰስ ጤነኛ የነበረችን ሴት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለመታደግ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ የተዘጋጀ ደምና ማደንዘዣ በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። በኢትዮጵያ በቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ማለትም ከልዕልቲቱ ሞት 27 ዓመት በኋላ ነው። ፔኒሲሊንም በ1942 ገና በጣት ለሚቆጠሩ ሕሙማን ብቻ የተሞከረ መድኃኒት ነበር። ለንደን ውስጥ የተማሩት ሙያ በነቀምቴ ለሌሎች ይጠቅም ነበር፤ ለራሳቸው ግን ሌላ ሠልጣኝ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር።

ከስም ወደ ተቋም

የልዕልቲቱ ሞት በኢትዮጵያም በእንግሊዝም ሐዘን ፈጠረ። ከወረራው መጀመሪያ አንሥታ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ እያዘጋጀች ለኢትዮጵያ ነጻነት የታገለችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ የገንዘብ ማሰባሰቡን ሥራ ግንባር ቀደም ሆና መራች። ገንዘቡ ከእንግሊዝ ሕዝብና ከኢትዮጵያውያን ተሰብስቦ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ራሷ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በዚያው ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች።

ሆስፒታሉ ሕሙማንን ከማከም ባሻገር ነርሶችን አሠልጥኗል። ልዕልቲቱ ለብቻቸው ሊሞሉት ያልቻሉትን ክፍተት የሚሞሉ ሴቶችና ወንዶች ከዚያ መውጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊንና የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሐምሊን፣ ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ በዚህ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ወደ አዲስ አበባ መጡ። ለሦስት ዓመት ብለው የመጡት ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን በሙሉ በኢትዮጵያ አሳለፉ።

በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሐምሊኖች ያገኟቸው እናቶች ታሪክ ከአዋላጅ ማሠልጠን ያለፈ ሥራ ጠየቀ። ለቀናት በቆየ ምጥ ምክንያት ልጃቸው የሞተባቸው፣ ራሳቸውም በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶች ከሩቅ አገር በእግርና በአውቶቡስ ይመጡ ነበር። ጥንዶቹ የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ አሻሽለው በመጀመሪያ በዚያው ሆስፒታል፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ደግሞ ለብቻው በተሠራው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል አገልግሎቱን አስፋፉ። ሆስፒታሉ ይርጋለምን ጨምሮ በአምስት የክልል ከተሞች ቅርንጫፍ ማዕከላት ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ተማሪዎችን ከገጠር ተቀብሎ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልካል። ፊስቱላን ከመጠገን ይልቅ በምጥ ሰዓት የሠለጠነ ሰው በአቅራቢያ እንዲገኝ ማድረግ እንደሚሻል የሥራው ልምድ አስተምሯል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የልዕልቲቱ ስም ከሆስፒታሉ ተነሥቶ የጦር ኃይሎች ጠቅላላ ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ በአዲስ አበባ አካባቢው የሚጠራው ጦር ኃይሎች በሚለው ስም ሲሆን፣ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ የቦታውን ቀዳሚ ስም ብዙም አያስታውስም። ከዚያ የጀመረው የወሊድ ጉዳት ሕክምና ግን ቀጥሏል።

ሰዓትን የሚጠይቁ አመላካቾች

የልዕልቲቱ ሕይወት የሚያነሣው የጊዜ ጥያቄ በዛሬው የጨቅላ ሕፃናት ምርምር በሌላ መልክ ይመጣል። ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ያልጠነከረ ስለሆነ በአብዛኛው በእናቱ ይተማመናል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ዝውውሩ የሚበረታው ግን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። ስለዚህ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ያገኘው ጥበቃ አነስተኛ ይሆናል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤም ግን እንግዴ ልጅን አያልፍም። በእትብት ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ ሲገኝ ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ኢንፌክሽን እንደ ነካው ያመለክታል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ እንገር በኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የበለጸገ በመሆኑ የሕፃኑን አንጀት ይጠብቃል። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እንገርን የማፍሰስና ለአራስ ልጅ ቅቤ የማዋጥ ልማድ ሕፃኑን ይህን ጥበቃ ያሳጣዋል።

የወሊድ ችግሮች በእነዚህና በሌሎች አመላካቾች ላይ ምልክታቸውን ይተዋሉ። ኢንተርሉኪን 6 ኢንፌክሽን ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከፍ ይልና ቶሎ ይወርዳል። ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይነሣል፤ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰውም በአንድና በሁለት ቀን መካከል ነው። ፕሮካልሲቶኒን በጤነኛ ጨቅላ ሕፃንም ቢሆን ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል ውጤቱ የሚነበበው ከተወለደበት ሰዓት ጋር ተያይዞ ነው። በተጨማሪ በምጥ መራዘም የታፈነ ወይም በማኅፀን ውስጥ የተጸዳዳውን ወደ ሳንባው የሳበ ሕፃን ያለ ኢንፌክሽንም የእነዚህን አመላካቾች ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አንድ የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻውን ሕፃኑ ተመርዟል ወይም አልተመረዘም አያሰኝም። ምጡ ስንት ሰዓት ቆየ፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ከ18 ሰዓት በላይ አልፎታል ወይ፣ እናቲቱ ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ሕፃኑ የተወለደው በስንተኛው ሳምንት ነው፣ የአፕጋር ነጥቡ ስንት ነበር፣ ናሙናው የተወሰደው በተወለደ በስንት ሰዓቱ ነው የሚሉት ጥያቄዎች ካልተመዘገቡ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

ከሀደሮ እስከ ሆሳዕና

እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጀምረው ሆሳዕና ላይ ሳይሆን እናቲቱ መጀመሪያ በደረሰችበት ጤና ጣቢያ ነው። ከሀደሮ ወደ ላይ የተላከ ሕፃን ሆስፒታል ሲደርስ ኢንተርሉኪን 6 ከፍ የሚልበት ሰዓት አልፎ ሊሆን ይችላል። ምጡ መቼ እንደ ጀመረና ሽርቱ መቼ እንደ ፈሰሰ የጻፈች አዋላጅ ነርስ ከሌለች፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ያለው ክፍት ቦታ በኋላ በምንም መሣሪያ አይሞላም። በሆሳዕና በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራው ሆስፒታል ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ናሙና ዋጋ የሚኖረው ከሥር የተላከው ታሪክ የተሟላ ሲሆን ነው።

ብሔራዊ አኃዞችም የዚህን ክፍተት አቅጣጫ ያሳያሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ድርሻ በ2000 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 48 በመቶ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ድርሻው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱ ጨቅላ ሕፃናት በ2016 ከ1,000 29 የነበሩ ሲሆን፣ በ2019 ጥናት 33 ሆነው ተገኝተዋል። በተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ሲጨምር የጨቅላ ሕፃናት ሞት ተመጣጣኝ ቅናሽ አለማሳየቱ፣ ችግሩ ወደ ተቋም ከመድረስ ብቻ ሳይሆን በተቋሙ ውስጥ ከሚሰጠው አገልግሎት ጥራትና ፍጥነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይጠቁማል። ይህ ሦስተኛው መዘግየት የሚባለው ነው።

የሆሳዕናው ሆስፒታል የሚጠራበት ስም ራሱ ታሪክ አለው። ንግሥት እሌኒ የሀድያ ገዥ ልጅ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸው፣ ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል በሞግዚትነት ሀገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በነቀምቴ ያረፉት ልዕልትም ሆኑ ከሀድያ የመጡት ንግሥት ስማቸው ለእናቶችና ለሕፃናት አገልግሎት ለሚሰጥ ተቋም ተሰጥቷል። ልዩነቱ የአንደኛዋ ሞት ራሱ ተቋሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረጃ መሆኑ ነው።

ማጠቃለያ

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነርስነት ያገለገሉበት ዕድሜ አጭር ነበር። ሕይወታቸው ለሕክምና ታሪክና ለጤና ምርምር የሚያስተላልፈው ዋና ነጥብ የእናትና የጨቅላ ሕፃን ደኅንነት በግለሰብ ዕውቀት ወይም ማዕረግ ላይ ሊቆም እንደማይችል ነው። ምልክትን የምታውቅ እናት፣ ምልክቱን በሰዓቱ የሚመዘግብ አዋላጅ፣ ደምና ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል፣ ውጤቱን ከምጡ ታሪክ ጋር አገናዝቦ የሚያነብ ላቦራቶሪ በአንድ ሰንሰለት ሲያያዙ ብቻ ነው ለውጥ የሚመጣው።

ከዚህ በመነሣት በሆሳዕናና በአካባቢው ለሚደረጉ ጥናቶች ሁለት ተግባራዊ ሐሳቦች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ የጨቅላ ሕፃናትን የበሽታ መከላከያ አመላካቾች የሚለኩ ጥናቶች የናሙናውን ሰዓት ከወሊዱና ከምጡ ሰዓት ጋር አያይዘው እንዲመዘግቡ ነው። ሁለተኛው፣ የሪፈር ወረቀት እንደ ምርምር ሰነድ ተቆጥሮ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሞላበት ጥራት ራሱ እንዲጠና ነው። ሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በሀደሮ ምሽት ላይ ምጥ የያዛትን እናት የምትቀበለው አዋላጅ ነርስ ሰዓቷን አይታ እንድትጽፍ፣ የጻፈችውም ከእናቲቱ ጋር ሆሳዕና እንዲደርስ ነው።